በጅራቱ የሚዋኝ ሮቦት አሳ አሠራር፦ ደሴ ተሠርቶ ሐይቅ ላይ እስኪዋኝ

ጠረጴዛ ላይ ጅራቱን አሳምሮ የሚወዘውዝ ሮቦት አሳ ውሃ ሲገባ ከሦስት ነገሮች አንዱ ይገጥመዋል፦ ውሃ ያስገባል፣ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ይገለበጣል፣ ወይም ጅራቱ እየተወዛወዘ ባለበት ይቀራል። ብዙ ሰው ያኔ ወደ ኮዱ ይመለሳል። ኮዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋት የለበትም። ውሃ የሚገባው ከአዘጋጉ፣ የሚገለበጠው ከክብደቱ አቀማመጥ፣ የማይሄደው ደግሞ ጅራቱ ከልክ በላይ ስለደረቀ ወይም ስለላላ ነው። ስለዚህ እዚህ ኮዱ አጭር፣ አዘጋጉ ረጅም ነው።

የምትሠሩት 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ እንደ ቆሮሶ የኋላ አካሉን ብቻ የሚያወዛውዝ፣ በአንድ ሞተር የሚሄድ አሳ ነው። እንደ እባብ መላ ሰውነቱን የሚያጥፍ ሮቦት ለመጀመሪያ ሥራ አትምረጡ። በየመገጣጠሚያው ሞተር ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ ሞተር ደግሞ አንድ ተጨማሪ የውሃ መግቢያ ነው።

ማጣበቂያው የሚደርቅበት ጊዜ ተቆጥሮ ሥራው ከ4 እስከ 5 ቀን ይወስዳል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለአካሉ፦
- የውጭ ስፋቱ 75 ሚሊ ሜትር የሆነ የፒቪሲ ቱቦ፣ 25 ሴንቲ ሜትር
- ለቱቦው የሚሆን አንድ የሚጣበቅ ቆብና አንድ ባለ ጥርስ መክደኛ ከነጎማው
- 20 በ20 ሚሊ ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም አንግል፣ 40 ሴንቲ ሜትር
- ቱቦውንና ቆቡን የሚያስሩ 2 ፋሼታዎች
- ባለ 1 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ (ለአፍንጫው)
- ጎኑ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወፍር አሮጌ ጄሪካን (ለክንፎቹ)
- ፌሮ 12፣ 60 ሴንቲ ሜትር (ለክብደት)

ለሞተሩና ለኤሌክትሪኩ፦
- ኤምጂ 996 አር ሰርቮ ሞተር (ዘንጉ በታዘዘው ማዕዘን ላይ የሚቆም ሞተር)
- አርዱይኖ ናኖ (ኮዱ የሚጫንበት ትንሽ የኮምፒውተር ሰርኪት)
- 2 የ18650 ሊቲየም ባትሪ፣ መያዣና መከላከያ ሰርኪት
- እስከ 5 አምፔር የሚችል ቮልት መቀነሻ
- 1000 ማይክሮ ፋራድ፣ 16 ቮልት ካፓሲተር
- ሪድ ስዊች የሚባለው በማግኔት የሚሠራ ትንሽ ማብሪያና አንድ ማግኔት

ለመዝጊያ፦ ሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚሠራ ኢፖክሲ ማጣበቂያ፣ የፒቪሲ ኮላ፣ ሽታው እንደ ኮምጣጤ ያልሆነ ሲሊኮን፣ ግራሶ፣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ፈሳሽ ፓራፊን፣ ሲሪንጅ፣ የውስጥ ስፋቱ 6 ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥቁር ኦሪንግ (ክብ የጎማ ማሸጊያ)።

ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ የመዳብ ሽቦንና የሰርኪት መስመርን ይበላል። ርካሽ ስለሆነ ብቻ አትግዙት። ኦሪንጉንም ከከመነዳሪ ቆርጣችሁ ለመተካት አትሞክሩ፤ የከመነዳሪ ጎማ በዘይት ያብጣል፣ ጋራዥ የሚሸጠው ጥቁሩ ኦሪንግ ግን ዘይት ይችላል።

ደረጃ 1፦ ሰርቮውን በዘይት ሙሉት

ብዙ ሰው ሰርቮውን ቱቦው ውስጥ አስቀምጦ የሚሽከረከር ዘንግ ወደ ውጭ ያወጣል። ይህ የመጀመሪያው ስህተት ነው። የሚንቀሳቀስ ዘንግን ውሃ እንዳያስገባ መዝጋት ከባድ ነው፤ የማይንቀሳቀስ ሽቦን መዝጋት ግን ቀላል ነው። ስለዚህ ሰርቮው ውጭ፣ ውሃው ውስጥ ይሁን፤ ወደ ቱቦው የሚገባው ሽቦው ብቻ ነው።

በዘይት የተሞላ ሳጥን ውሃ የማያስገባው ጠንካራ ስለሆነ ሳይሆን ውስጡ ባዶ ቦታ ስለሌለው ነው። ውሃው ሲጫነው ዘይቱ መልሶ ይገፋል።

1. የሰርቮውን የታች ክዳን 4 ብሎኖች ፈትታችሁ ክዳኑን ለብቻው አውጡ። ክዳኑ ላይ፣ በሁለት ተቃራኒ ጥጎች፣ 2 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ብሱ። ክዳኑ ተገጥሞ እያለ ከበሳችሁ ትራፓኖው ውስጥ ያለውን ሰርኪት ይነካል።
2. ክዳኑን መልሱ። የላይና የታች ክዳኖቹን መጋጠሚያ፣ የብሎኖቹን ራስና ሽቦው የሚወጣበትን ቦታ በሲሊኮን ዝጉ። አንድ ሌሊት ይድረቅ። ሲሊኮን ቅባት የነካው ቦታ ላይ አይዝም፤ ስለዚህ ዘይቱ ሁልጊዜ ከሲሊኮኑ በኋላ ነው።
3. በአንዱ ቀዳዳ ፓራፊኑን በሲሪንጅ ቀስ ብላችሁ ስጡ፤ አየሩ በሌላው ይወጣል። ሰርቮውን አጋድሙት፣ ገልብጡት፣ ዘንጉን በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። አረፋ መውጣቱን እስኪያቆም ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። አትቸኩሉ።
4. ቀዳዳዎቹን በትንንሽ ብሎንና በጎማ ቁራጭ ዝጉ።
5. ዘንጉን ግራሶ ቀብታችሁ ኦሪንጉን አልብሱት። የሰርቮው ክንድ ሲታሰር ኦሪንጉ በክንዱና በሳጥኑ መካከል በጥቂቱ ብቻ ይጨመቅ። ክንዱ በእጅ ሲዞር ከበፊቱ በጣም ከከበደ ከልክ በላይ ተጨምቋል፤ ሞተሩ ይግላል፣ ባትሪም ይጨርሳል።

የምግብ ዘይት አትሙሉ። ከጊዜ በኋላ እንደ ሙጫ ይሆንና ማርሹን ይይዛል። ፓራፊን ከሞላችሁ በኋላ ሞተሩ ትንሽ ቢዘገይ አትደንግጡ፤ የሚጠበቅ ነው።

ደረጃ 2፦ ሽቦውን በኋላ ቆብ አሳልፉ

ከሁሉ በላይ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ሽቦው በቀዳዳው ዙሪያ በደንብ ተዘግቶም ውሃ ይገባል። ለምን? የሰርቮ ሽቦ የብዙ ቀጫጭን ክሮች ድምር ነው፤ በክሮቹና በፕላስቲኩ መካከል ያለው ክፍተት እንደ ኩራዝ ክር ውሃ ይስባል። ውጭ አንድ ቦታ ላይ ፕላስቲኩ ከተላጠ ውሃው በሽቦው ሆድ ተጉዞ ቱቦው ውስጥ ይንጠባጠባል።

1. በሚጣበቀው ቆብ መሃል 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ። በዙሪያው ከውስጥም ከውጭም በብርጭቆ ወረቀት ሸካራ አድርጉ። የለሰለሰ ፒቪሲ ኢፖክሲ አይዝም።
2. ሦስቱን ሽቦዎች፣ ቀዳዳው ውስጥ በሚውለው ቦታ ላይ፣ ፕላስቲካቸውን 1 ሴንቲ ሜትር ላጡ። አትቁረጧቸው።
3. የተላጠውን ቦታ ክሮቹ ውስጥ ድረስ በሶልደር አጥግቡት። አሁን የውሃው መንገድ ተዘጋ።
4. ሦስቱ እንዳይነካኩ በየተራ ትንሽ ከፍና ዝቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ።
5. ቀዳዳውን ከውጭ በፕላስተር ሸፍኑ፤ ቆቡን አፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከውስጥ ኢፖክሲ አፍስሱ። ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ይወፍር።
6. 24 ሰዓት ጠብቁ። ደሴ ክረምት ላይ ወይም የጥቅምት ብርድ ሲሆን 48 ሰዓት አድርጉት፤ ኢፖክሲ በብርድ በዝግታ ነው የሚጠነክር። በጥፍር ሲጫኑት ምልክት ከተወ ገና ነው።

ከዚያ ቆቡን በፒቪሲ ኮላ ከቱቦው ጋር አጣብቁ። የሚከፈተው ባለ ጥርስ መክደኛ በፊት በኩል ይሆናል። በሩን ከኋላ ካደረጋችሁት መክደኛው በተጠበቀ ቁጥር ሰርቮው አብሮ ይዞርና ጅራቱ ይንጋደዳል።

ደረጃ 3፦ አየር ማስተንፈሻ ብሎን

ባለ ጥርስ መክደኛው ላይ 4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሳችሁ በብሎንና በጎማ ቀለበት ዝጉት። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በወሎ መሬት ግን ያለዚህ አይሆንም።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐይቅ (ከደሴ በስተሰሜን ያለችው ከተማና ውሃዋ) ደግሞ ከ1,900 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ደሴ ላይ ቱቦውን ከዘጋችሁ የደሴን ሳሳ ያለ አየር ይዛችሁ ትወርዳላችሁ። ሐይቅ ስትደርሱ የውጭው አየር ግፊት ከውስጡ ይበልጣል፤ ልዩነቱ ግማሽ ሜትር ከሚበልጥ የውሃ ጥልቀት ጋር እኩል ነው። በዚያ ላይ ፀሐይ ላይ 35 ዲግሪ የሞቀ ቱቦ ዘግታችሁ 20 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ብትከቱት፣ ውስጡ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ሌላ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። አሳው ገና ከውሃው ገጽ ሳይወርድ 1 ሜትር ጥልቀት ላይ እንዳለ ሆኖ ውሃ ይስባል ማለት ነው። በበርሜል ተፈትኖ ያለፈ አሳ ሐይቁ ላይ ውሃ የሚሞላው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ኮምቦልቻ ላይ ለሚሠራ የከፍታው ነገር እምብዛም አያሳስበውም፤ የፀሐዩ ግን ለሁሉም ነው።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ ብሎኑ በመንገድ ሁሉ ክፍት ይሁን። ውሃው ዳር ስትደርሱ ቱቦውን ጥላ ሥር፣ ብሎኑ ከውሃ በላይ ሆኖ፣ 10 ደቂቃ ውሃ ላይ አስቀምጡት። ከዚያ ብሎኑን ዝጉ።

ደረጃ 4፦ ባዶውን ቱቦ ፈትኑ

ባትሪና ሰርኪት ከመግባቱ በፊት ነው፤ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው።

1. ደረቅ ሶፍት ውስጡ አድርጋችሁ ዝጉ። የመክደኛውን ጎማ ግራሶ ቀቡ።
2. 50 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ውሃ ውስጥ ንከሩት። እጅ ለአፍታ ብቻ የሚችለው ሙቀት ነው። ውስጡ ያለው አየር ሲሰፋ የሚያፈስበትን ቦታ በአረፋ ያሳያችኋል። ቦታውን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። የፈላ ውሃ አትጠቀሙ፤ ፒቪሲ ይለሰልሳል።
3. አረፋ ከሌለ ድንጋይ አስራችሁ በርሜል ሥር 2 ሰዓት አቆዩት። ሶፍቱ ከረጠበ ደረጃ 2ን መርምሩ፦ የረጠበው በሽቦው በኩል ነው ወይስ በመክደኛው?

አንድ ጠብታ እንኳ ከገባ አትለፉት። 1 ሜትር ጥልቀት ላይ ውሃው የመክደኛውን ፊት ከ4 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ይገፋል፤ ጠብታው ይበዛል እንጂ አይቀንስም።

ደረጃ 5፦ ሰርቮውንና ጅራቱን ግጠሙ

አንግሉን ለሁለት ቁረጡ፣ 20 ሴንቲ ሜትር እያንዳንዱ። በቱቦው ግራና ቀኝ አስቀምጣችሁ በፋሼታ እሰሩ፤ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይውጣ። ቱቦው ላይ የሚያርፈውን ክፍል አግድም ጎኑን በሴጌቶ ቆርጣችሁ አንሱ፤ ከኋላ በወጣው 6 ሴንቲ ሜትር ላይ ግን ይቅር፣ ሰርቮው የሚያርፈው እዚያ ነው። በሁለቱ አግድም ጎኖች መካከል 43 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር፤ የሰርቮው ሰውነት 41 ገደማ ነው። ቱቦውን በብሎን አትብሱ።

የሰርቮው ዘንግ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይቁም። ዘንጉ ካዘነበለ ጅራቱ ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች ይመታል፣ አሳውም ይንከባለላል።

ጅራቱ ከክንዱ ጀምሮ 20 ሴንቲ ሜትር ይርዘም። የመጀመሪያው 9 ሴንቲ ሜትር የማይታጠፍ የአሉሚኒየም ቁራጭ፣ ቀጥሎ 2 ሴንቲ ሜትር የምትታጠፍ ጠባብ የጄሪካን ቁራጭ፣ ከዚያ 9 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 12 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ክንፍ። በብሎንና በዳዶ እሰሩት። ጄሪካን የተሠራበትን ፕላስቲክ ኢፖክሲም ሲሊኮንም አይዙትም፤ ለማጣበቅ አትድከሙ።

ያቺ የምትታጠፍ ቁራጭ የሥራው ሁሉ ልብ ናት። ክንዱ ሲዞር ክንፉ ትንሽ ዘግይቶ መከተል አለበት፤ ውሃውን ወደ ኋላ የሚገፋው በዚያ መዘግየት ነው። ሙሉ በሙሉ የደረቀ ጅራት ውሃውን ወደ ጎን ብቻ ይመታል። ለመነሻ፦ ክንዱን በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አጋድማችሁ ያዙ፤ የክንፉ ጫፍ ላይ 50 ግራም ስቀሉ። ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ከታጠፈ ጀምሩበት። ብዙ ከታጠፈ ሁለት ቁራጭ ደርቡ፤ ትንሽ ከሆነ የቁራጩን ወርድ ቀንሱ።

ደረጃ 6፦ ኤሌክትሪኩ

1. ሰርቮው ሳይያያዝ በፊት የቮልት መቀነሻውን በቴስተር እያያችሁ 6.0 ቮልት ላይ አስተካክሉ። ሁለት የተሞሉ ባትሪዎች በተከታታይ 8.4 ቮልት ናቸው፤ ቀጥታ ከሰጣችሁት ሰርቮው ይቃጠላል።
2. ካፓሲተሩን ከሰርቮው ቀይና ቡናማ ሽቦ ጋር፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ሳታምታቱ፣ አያይዙ።
3. ናኖው ኃይሉን ከባትሪው በቀጥታ በራሱ መግቢያ ይውሰድ፤ ከሰርቮው ጋር አይጋራ። ሰርቮው ሲጨናነቅ 2.5 አምፔር ሊስብ ስለሚችል ናኖውን እያጠፋ ያስነሳዋል።
4. የናኖውና የመቀነሻው ኔጌቲቭ ግን የግድ ይገናኙ። ሰርቮው ያለ ትዕዛዝ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መጀመሪያ ይህን እዩ።
5. ሪድ ስዊቹን የባትሪ መስመር ላይ አታድርጉ፤ ያን ያህል አምፔር አይችልም። ለናኖው ምልክት ብቻ ይስጥ። ቱቦው ጣሪያ ላይ፣ ከፌሮው አርቃችሁ አጣብቁት።

ብሉቱዝና ዋይፋይ ውሃ ውስጥ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር አያልፉም። በስልክ ለመንዳት አታስቡ፤ ፕሮግራሙ ውስጡ ይሁን።

ኮዱ የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ ማግኔት ሲነካ 10 ሰከንድ ጠብቅ፤ ከዚያ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ የሰርቮውን ማዕዘን በሳይን ቀመር አስላ፤ መሃሉ 90 ዲግሪ፣ ግራና ቀኙ 20 ዲግሪ፣ በሰከንድ 1.5 ጊዜ። ለ30 ሰከንድ ዋኝ፣ 90 ላይ ቁም። ለመዞር መሃሉን ከ90 ወደ 105 አዛውሩት።

ማዕዘኑ በሰከንድ ከሚወዛወዘው ብዛት ጋር ሲባዛ ከ45 አይለፍ። 20 በ2 ይሆናል፤ 30 በ2 ግን አይሆንም። ሰርቮው ስለማይደርስበት ሳይጨርስ ይመለሳል፣ ጅራቱም ይንቀጠቀጣል እንጂ አይወዛወዝም።

ደረጃ 7፦ አመዛዝኑ

25 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ብቻውን 1.1 ሊትር ውሃ ይገፋል። አሳው ከዚህ በታች ከመዘነ ይንሳፈፋል፤ ስለዚህ ክብደት ትጨምራላችሁ። ፌሮ 12 በ10 ሴንቲ ሜትሩ 89 ግራም ነው፤ በ20 ሴንቲ ሜትር የተቆረጡ ሦስት ቁራጮች 530 ግራም ይሆናሉ። ባትሪውን መሃል ታች፣ ፌሮውን ከባትሪው ሥር በቱቦው ወለል ላይ አንጥፉ። እንዳይንሸራተት እሰሩት፤ የሚንሸራተት ክብደት አሳውን በአፍንጫው ያስተክለዋል።

የጠርሙሱን አንገት ቆርጣችሁ ለአፍንጫ ስታለብሱ፣ ሳትከድኑት፣ 4 ቀዳዳ ብሱበት። ያለዚያ የታመቀ አየር ፊቱን ያነሳዋል።

ገንዳ ውስጥ አስቀምጡትና እዩ፦
- ፊቱ ከወረደ ፌሮውን ወደ ኋላ፣ ጭራው ከወረደ ወደ ፊት፣ 1 ሴንቲ ሜትር እያደረጋችሁ አንቀሳቅሱ።
- ወደ ጎን ካጋደለ ክብደቱ ከመሃል ወጥቷል።
- በእጅ ስታጋድሉት በራሱ የማይመለስ ከሆነ ክብደቱ ከፍ ብሏል።

ጀርባው ላይ 20 ግራም ሲቀመጥ ልክ እስኪሰምጥ ድረስ አቅልሉት። ከዚያ በላይ አታክብዱት። ባትሪው ሲያልቅ ራሱ ወደ ላይ እንዲመጣ የምትፈልጉት ያንን 20 ግራም ነው። ወደ ታች እንዲወርድ ከፈለጋችሁ ከፊት ሁለት የጎን ክንፎችን 10 ዲግሪ ፊታቸውን ዝቅ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ሲዋኝ ይወርዳል፣ ሲቆም ይነሳል።

ደረጃ 8፦ ሐይቅ ላይ

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነፋስ ሳይነሳ ጠዋት ሂዱ። የሐይቅ ውሃ መሃሉ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃልና ያለ ገመድ አትልቀቁ፤ 15 ሜትር የአሳ ማጥመጃ ክር ጀርባው መሃል ላይ እሰሩ። ጭራው ላይ ካሰራችሁት በራሱ ክር ይጠመዳል። መረብ የተጣለበትን ቦታ አሳ አጥማጆቹን ጠይቃችሁ ራቁ፤ ከእስጢፋኖስ ገዳም ዳርቻም ራቅ ብላችሁ ሥሩ። ክሩ ቢበጠስ ዋኝታችሁ ለማምጣት አትግቡ፤ ታንኳ ያለውን ሰው ለምኑ። ጥልቀት በሌለው የውሃ ዳር ባዶ እግር አትቁሙ፤ ቢልሃርዚያ ከቀንድ አውጣ ተነስቶ በቆዳ የሚገባ በሽታ ነው።

በ5 ሜትር ርቀት ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ያዙ። ለመጀመሪያ ሥራ በሰከንድ 20 ሴንቲ ሜትር ደህና ነው። ክንፍ በቀየራችሁ ቁጥር ይህን አስሉ፦ በሰከንድ የሚወዛወዘው ብዛት፣ በክንፉ ጫፍ ውዝዋዜ ሙሉ ስፋት በሜትር ተባዝቶ፣ ለፍጥነቱ ይካፈል። ስትሮሃል ቁጥር ይባላል፤ በደንብ የሚዋኙ አሳዎች ከ0.2 እስከ 0.4 ውስጥ ናቸው። የእናንተ መጀመሪያ 1 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን አይግረማችሁ። የቀነሰው ክንፍ የተሻለው ክንፍ ነው።

ሲበላሽ ምን ይደረግ

ጭንቅላቱ እንደ ጅራቱ ያህል ይወዛወዛል፦ የፊት አካሉ ውሃውን አልያዘም። ከፊት በኩል፣ ከላይና ከታች፣ 6 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው ቀጥ ያሉ ክንፎች ጨምሩ። ማዕዘኑንም ወደ 15 ዝቅ አድርጉ።

ወደ አንድ ጎን ብቻ ይዞራል፦ የሰርቮው ክንድ 90 ላይ ሲሆን ጅራቱ ቀጥ አላለም። ክንዱን ፈትታችሁ አንድ ጥርስ አዙሩ፤ የቀረውን በኮድ አስተካክሉ።

ጅራቱ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይዳከማል፦ የባትሪውን ቮልት ለኩ። እያንዳንዱ ከ3 ቮልት በታች ከወረደ አቁሙ። ባትሪው ደህና ከሆነ ኦሪንጉ ተጨምቋል።

ሰርቮው ሥር የዘይት ነጠብጣብ ይታያል፦ ኦሪንጉ ተበልቷል። ውሃው ገና ካልገባ ለውጣችሁ እንደገና ሙሉ፤ ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፣ ሁሉንም አፍስሱ።

ቱቦው ውስጥ ውሃ ተገኘ፦ ብሎኑን ክፈቱ፣ ባትሪውን ወዲያው ንቀሉ፣ ከሰውና ከሚቃጠል ነገር ርቆ ደጅ ይቀመጥ። ውሃ የገባበትን ሊቲየም ባትሪ አድርቃችሁ ቻርጅ አታድርጉ፣ በመኪናም ከሻንጣ ጋር አትጫኑት። ናኖውን በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ሁለት ቀን ካደረቃችሁት ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ከዚያ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱና ሶፍቱን እንደገና አስገቡ።